ከእግዚአብሔር ጋር ውል፤ ስለ አንድ ዘፈን ርእስ

ኬት ቡሽ የተባለችው እንግሊዛዊት ዘፋኝ በ1985 ዓ.ም. ያወጣችውን «ራኒንግ አፕ ዛት ሂል» የተሰኘ ዘፈን ሰምቶ፥ ኮረብታ ሽቅብ ስለ መሮጥ የተደረሰ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው)። ርእሱ እንዲያ ይላልና በአድማጩ አይፈረድም። ደራሲዋ በመጀመሪያ ያወጣችለት ስም ግን «ከእግዚአብሔር ጋር ውል» የሚል ነበር። ስሙ የተለወጠበትን ምክንያት መመርመር ለወሬ ያህል ብቻ የሚደረግ ነገር አይደለም፤ የዘፈኑ ምሥጢር ያለው በተተወው ስም ውስጥ ነውና።

እርስዋ ራስዋ እንዳስረዳችው ሐሳቡ እንደሚከተለው ነው። ወንድና ሴት ምንም ያህል ቢፋቀሩ፥ አንዱ ወንድ አንዲቱ ሴት በመሆናቸው ብቻ ፈጽመው ሊግባቡ አይችሉም። ለጥቂት ጊዜ እንኳ ቦታ ቢለዋወጡ፥ እርሱ እርስዋን ሆኖ፥ እርስዋም እርሱን ሆና ነገሩን ቢያዩት፥ እጅግ በተደነቁ፥ በመካከላቸውም ያለው አለመግባባት በቀለለ ነበር። ታዲያ ይህን ልውውጥ ማን ሊፈጽምላቸው ይችላል? አስቀድማ ያሰበችው ከዲያብሎስ ጋር መዋዋልን እንደ ነበረ ተናግራለች። ይህ በአውሮፓ ሥነ ጽሑፍ የታወቀ መንገድ ነው፤ የጌቴ ፋውስትም የገባው በዚሁ በር ነው። ኋላ ግን ከእግዚአብሔር ጋር መዋዋል የበለጠ ኃይል እንዳለው ተገነዘበች።

በበኩሌ የዘፈኑ ክብር ከዚህች ማሻሻያ የመጣ ነው እላለሁ። ከዲያብሎስ ጋር የሚዋዋል ሰው ለራሱ ይዋዋላል፤ ወጣትነት፥ ዕውቀት፥ ተድላ ይሻል። ይህች ሴት ግን የምትለምነው የወዳጅዋን ሕመም ትቀምስ ዘንድ፥ እርሱም የእርስዋን ይቀምስ ዘንድ ነው። በደለኛውና ተበዳዩም አልተለዩም፤ ሁለቱም ሳያውቁ ይጎዳዳሉ።

ሸክላ አሳታሚው ኢ.ኤም.አይ. የተባለው ኩባንያ የመጀመሪያውን ስም ሲሰማ ደነገጠ። እንደ ኢጣልያና እንደ አየርላንድ ባሉ ሃይማኖት በጸናባቸው አገሮች የራዲዮ ጣቢያዎች፥ «እግዚአብሔር» የሚል ቃል በርእሱ ላይ ስላለ ብቻ ዘፈኑን አናሰማም ይላሉ ብሎ ፈራ። እርስዋም የ1982ቱ ሸክላዋ እንደ ቀድሞዎቹ ሳይሸጥላት ቀርቶ ነበርና፥ በቤተ ሰቧ ግቢ ባሠራችው ስቱዲዮ ብዙ ጊዜ የደከመችበት ሥራ ገና ሳይሰማ እንዳይሞት ብላ እሺ አለች። የተተወው ስም በትልቁ ሸክላ ላይ በቅንፍ ውስጥ ተጽፎ ቀረ።

ኩባንያው ስለ ገበያው የፈራው ያለ ምክንያት ነበር ለማለት አልደፍርም። ስለ ሃይማኖቱ ግን የተሳሳተ ይመስለኛል። «ውል» ሲባል እኛን የቤት ኪራይና የብድር ወረቀት ትዝ ይለናል፤ ከእግዚአብሔር ጋር ሲሆን ግን ስለት እንለዋለን፥ በስለትም የሚያፍር የለም። አብርሃም ስለ ሰዶም ሲማልድ ከ50 ጻድቃን ጀምሮ እስከ 10 ድረስ ዝቅ ያደረገው ከማን ጋር ተነጋግሮ ነው?

ለዚህ ዘፈን የተሠራውን ፊልም ያየ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ኬት ቡሽና አብሯት የሚወዛወዘው ማይክል ኤርቪዩ የለበሱት ልብስ አንድ ዓይነት ነው፤ ሐካማ የሚባለው የጃፓኖች ሰፊ ሱሪ ነው። ወደ መጨረሻው ደግሞ የሁለቱን ፊት የሚመስል ጭምብል ያጠለቁ ብዙ ሰዎች ተሰልፈው ይመጡና ይለያዩአቸዋል። ልብስ ቢመሳሰልና ፊት ቢቀዳም ልውውጡ እንዳልተፈጸመ የሚያሳይ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ቦታ መለዋወጥ ያን ያህል አስቸጋሪ ከሆነ፥ ባልና ሚስት በገዛ ፈቃዳቸው ለምን አይሞክሩትም? ወንዱ ለምን ማጀት አይገባም? ይግባ፤ መልካም ነው። ዳሩ ግን አንድ ቀን ማጀት ገብቶ ወጥ የሠራ ባል የማጀቱን ጢስ አየ እንጂ የማጀቱን ኑሮ አላወቀም፤ ነገ እንደሚወጣ ያውቃልና። የሚመለስበት ቦታ ያለው ሰው እንግዳ ነው። ሰው ለሰው ሊሰጠው የሚችለው ልውውጥ ይህን ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ዘፋኟ አቤቱታዋን ከሰው በላይ ወዳለው አቀረበች። ኮረብታውን መሮጥ የዚያ ውል ፍሬ ነው፤ ኩባንያው ፍሬውን በርእስ ላይ አስቀምጦ ግንዱን ቈረጠው።

ዘፈኑ በ1985 በእንግሊዝ አገር የሽያጭ ሰንጠረዥ 3ኛ ሆኖ ነበር። በ2022 «ስትሬንጀር ቲንግስ» በተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም ውስጥ ስለ ተሰማ፥ ከ37 ዓመት በኋላ 1ኛ ሆነ፤ ዘፋኟም 63 ዓመቷ ነበር። በፊልሙ ውስጥ ዘፈኑን የምትወደው ማክስ የተባለች ልጅ ናት፤ የእንጀራ ወንድሟ ዓይኗ እያየ ሞቶባት በጸጸት የምትሠቃይ። በእርስዋ ጆሮ የባልና የሚስት ነገር የለበትም፤ ቦታ ለመለወጥ የምትመኘው ከሞተው ጋር ነው። የፊልሙ ሠሪዎች የዘፈኑን ትርጕም አጣመሙት የሚል ቢኖር አልስማማም። ማክስ የሰማችው በቅንፍ ውስጥ የቀረውን ስም ነው።