የፋብሪካ ወረቀትና የመኪና ልደት፤ በአሜሪካ የባለ ጡንቻ መኪና ወዳጆች መካከል ስላለው የእውነተኛነት ክርክር

በአሜሪካ አገር አሮጌ መኪና በሐራጅ በሚሸጥበት አዳራሽ የተገኘን እንግዳ ሰው አስቀድሞ የሚያስገርመው የመኪናው ውበት አይደለም፤ ከመኪናው አጠገብ በመስተዋት ሥር ተዘርግቶ የሚታየው ወረቀት ነው። ወረቀቱ ዘይት የጠጣና ጠርዙን አይጥ የበላው ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ገዥዎቹ ሞተሩን ከመመርመራቸው በፊት በእርሱ ላይ ያጐነብሳሉ፤ ቍጥሩን ከቍጥር ያመሳክራሉ፤ በሹክሹክታም ይከራከራሉ። አንድ ዐይነት መልክና አንድ ዐይነት ሞተር ካላቸው ከሁለት መኪናዎች ወረቀት ያለው ከሌለው እጅግ በሚበልጥ ዋጋ ይሸጣል። ስለዚህ ልማድ ብዙ ተጽፏል፤ ከተጻፈው አብዛኛው ግን ወረቀቱ እንዴት እንደሚነበብ የሚያስተምር ነው። ወረቀቱ በተጻፈበት ሰዓት ምን ሊመሰክር ታስቦ ነበር የሚለው ጥያቄ እምብዛም አልተነሣም፤ የዚህ ሒስ ጕዳይም እርሱ ነው።

«መስል ካር» ወይም ባለ ጡንቻ መኪና የሚባለው፣ ከ1964 እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ፋብሪካዎች መካከለኛ መጠን ባለው መኪና ላይ ለትልልቆቹ የተሠራውን ከባድ ሞተር እየጫኑ ለወጣቱ ገዥ ያቀረቡት ዐይነት ነው። የዚህ ዐይነት በኵር ተብሎ የሚቈጠረው የፖንቲያክ ጂ ቲ ኦ ሲሆን፣ አወላለዱ የኋላውን ክርክር ሁሉ አስቀድሞ ያመለከተ ይመስላል። የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ መመሪያ በመካከለኛ መኪና ላይ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች የሚበልጥ ሞተር እንዳይገባ ይከለክል ስለ ነበር፣ የፖንቲያክ መሐንዲሶች ባለ 389 ኪዩቢክ ኢንቹን ሞተር እንደ አዲስ መኪና ሳይሆን ለለማንስ መኪና እንደሚታዘዝ ተጨማሪ ዕቃ አድርገው አሳለፉት። ስለዚህ በ1964ና በ1965 የተሠራው ጂ ቲ ኦ በሻንሲ ቍጥሩ ሲነበብ ተራ ለማንስ ነው፤ የራሱን መለያ ያገኘው በ1966 ነው። የዚህ ትውልድ መኪና ታሪኩን የጀመረው ከገዛ ኩባንያው መዝገብ በመሸሸግ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የፋብሪካዎቹ የመዝገብ አያያዝ አንድ ወጥ አልነበረም። ፎርድ ከ1967 ጀምሮ የሠራቸው መኪናዎች መረጃ ተጠብቆ ስለ ቈየ፣ ማርቲ የተባለው ድርጅት ከኩባንያው ፈቃድ አግኝቶ ለጠየቀው ሁሉ መግለጫ ይሰጣል። የፖንቲያክም የሽያጭ ደረሰኞች ተርፈዋል። በአሜሪካ ውስጥ ስለ ተሸጡት የሸቭሮሌ መኪናዎች ግን እንዲህ ያለ ሙሉ መዝገብ አልተረፈም። ወደ ካናዳ የተላኩት መኪናዎች መረጃ በካናዳው የጄኔራል ሞተርስ ቅርንጫፍ እጅ መቈየቱ ደግሞ ነገሩን ይልቁን አስገራሚ ያደርገዋል፤ ድንበር የተሻገረው መኪና ምስክር ሲኖረው በተወለደበት አገር የቀረው ወንድሙ ምስክር አጥቷል።

የ1969 ካማሮ የሻንሲ ቍጥር ኩባንያውን፣ ሞተሩ ባለስድስት ወይም ባለስምንት ሲሊንደር መሆኑን፣ የአካሉን ቅርጽ፣ ዓመቱን፣ ፋብሪካውንና ተራ ቍጥሩን ይናገራል፤ መኪናው የተፈለገው ዜድ 28 ይሁን ወይም ተራ ባለስምንት ሲሊንደር ይሁን አይናገርም። የክራይስለር ልማድ ከዚህ ይለያል። በ1970ና በ1971 በተሠራ የፕሊመዝ ወይም የዶጅ መኪና ቍጥር ውስጥ አምስተኛው ምልክት «አር» የምትባለው የላቲን ፊደል ከሆነች፣ ሞተሩ 426 ኪዩቢክ ኢንች የሆነው ሄሚ ነው። እንግዲህ ሐሰተኛ ሄሚ ሊሠራ የሚፈልግ ሰው የሻንሲ ቍጥሩን ማጭበርበር ግድ ይሆንበታል፤ ሐሰተኛ ዜድ 28 ሊሠራ የሚፈልግ ግን ዕቃዎቹን ማሟላት ይበቃዋል። የሁለቱ ኩባንያዎች ወዳጆች ማታለልን የሚፈሩበት መንገድ የተለያየው ስለዚህ ነው፤ ያንዱ ዐይን ቍጥሩ ላይ፣ የሌላው ዐይን ዕቃው ላይ ያርፋል።

በወዳጆቹ ዘንድ ከሁሉ የሚከበረው የግንባታ ወረቀት ነው። ይህ ወረቀት በመገጣጠሚያው መስመር ለቆሙት ሠራተኞች የትኛው ሞተር፣ የትኛው ካምቢዮ፣ የትኛው ወንበር እንደሚገጠም የሚነግር የትእዛዝ ወረቀት ነበር፤ መኪናው ተገጣጥሞ ሲያልቅ ጥቅሙም አብሮ ያልቃል። አንዱ ሠራተኛ በወንበሩ ሽቦዎች መካከል ይሰካው፣ ሌላው በምንጣፉ ሥር ይተወው ነበር፤ ብዙው ከቆሻሻ ጋር ይጣል ነበር። ከዚህም የተነሣ የአንዱ መኪና ወረቀት በሌላው መኪና ወንበር ውስጥ ይገኛል። ወዳጆቹ ይህን የፋብሪካው ስሕተት ይሉታል። ነገር ግን ወረቀቱ ከዚያ መኪና ጋር ይኑር ብሎ ያዘዘ ማንም ስላልነበረ፣ የተጣሰ ሥርዐት የለም፤ ስለዚህ ስሕተትም ሊባል አይገባውም። የብራና መጻሕፍትን የሚመረምር ሰው ይህን ችግር በሌላ መልኩ ያውቀዋል፤ ገልባጩ የቀድሞውን ጸሐፊ ስምና ዘመን ሳያስቀር ሲገለብጥ፣ በመጽሐፉ መጨረሻ የሚነበበው ዘመን የዚያ ብራና ዘመን አይሆንም። የጽሑፉ እውነተኛነት አንድ ነገር ነው፤ ጽሑፉ የተገኘበት ዕቃ እውነተኛነት ሌላ ነገር ነው። የመኪና ወዳጆች ክርክር ብዙ ጊዜ የሚደናገረው ሁለቱን አንድ ስለሚያደርግ ነው።

ፋብሪካው አስቦበት ያሳተመው ቍጥርም ቢሆን በየዋህነት የሚታመን አይደለም። በ1967 ለኮርቬት የሚታዘዘው ኤል 88 የተባለው ሞተር 430 የፈረስ ጕልበት እንዳለው ተመዘገበ፤ በኀይል ከእርሱ የሚያንሰው ሌላው ሞተር ግን 435 ተባለ። የኤል 88 እውነተኛ ጕልበት ከ500 በላይ ነበር፤ ለእሽቅድምድም የተሠራውን ሞተር ተራው ገዥ በቍጥሩ ተስቦ እንዳያዘው ለማድረግ ዝቅ ተደርጎ ተጻፈ። ዘዴውም ሠርቷል፤ በዚያ ዓመት የተሠሩት 20 ብቻ ናቸው። እዚህ ላይ መዝገቡ ተሳሳተ ለማለት አይቻልም፤ የተሰጠውን ሥራ በሚገባ ፈጽሟል፤ ሥራው እውነት መናገር አልነበረም እንጂ። የ1970 ሸቭሌን የገጠመው ችግር ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው። ኤል ኤስ 6 የተባለው ባለ 454 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር 4,475 ጊዜ ታዝዟል ይባላል፤ ይህ ቍጥር የሞተር ትእዛዝ ቍጥር ስለሆነ፣ ስንቱ ጣራው የሚከፈት፣ ስንቱ ኤል ካሚኖ የተባለው የጭነት ዐይነት እንደ ነበረ አይለይም። በዚህ ክፍተት ውስጥ «ብርቅ» የሚባሉ መኪናዎች እስከ ዛሬ ይወለዳሉ። ለእሽቅድምድም ፈቃድ ሲባል የተሠራው የ1970 ፕሊመዝ ሱፐርበርድም በአንዱ መጽሐፍ 1,920፣ በሌላው 1,935 ነው፤ ሁለቱም እንደ ፋብሪካ ቍጥር ይጠቀሳሉ። በወዳጆቹ መካከል፣ ከተሠሩት ይልቅ የተረፉት ይበዛሉ የሚል ቀልድ የተለመደ ነው፤ ከብዙ የማስረጃ መጽሐፍ ይልቅ በዚህ ቀልድ ውስጥ የበለጠ ሒስ አለ።

ከወረቀቱ ቀጥሎ የሚከበረው የቍጥር መግጠም ነው፤ ይኸውም በሞተሩ ላይ የተመታው ቍጥር ከሻንሲው ቍጥር ጋር መስማማቱ ነው። ይህ መመዘኛ የሚሰጠው ፍርድ ግራ ያጋባል። በዋስትናው ዘመን ሞተሩ የተሰበረበት ባለመኪና ወደ ሻጩ ሲሄድ ሸቭሮሌ ራሱ ሌላ ሞተር ይተካለት ነበር፤ በምትኩ ሞተር ላይም «ሲ ኢ» የሚሉ ፊደላት ይመቱበት ነበር። ሞተሩ የፋብሪካው ነው፤ የተገጠመውም በፋብሪካው ቃል ነው፤ ስለ መኪናው የተነገረ ሐሰት የለም። በዛሬው ገበያ ግን ይህ መኪና «ቍጥሩ የማይገጥም» ተብሎ ዋጋው ይወርዳል። በአንጻሩ ከሌላ መኪና የመጣ ሞተር ፊቱ ተፍቆ አዲስ ቍጥር ቢመታበት፣ ፋቂውም የፋብሪካው መሣሪያ የተወውን ደቃቅ ጭረት አስመስሎ መመለስ ቢችልበት፣ «የሚገጥም» ሆኖ ያልፋል። እውነተኛውን አዋርዶ አስመሳዩን የሚያከብር ሚዛን፣ ሸቀጡ ከመመዘኑ በፊት ራሱ ሊመረመር ይገባዋል።

ይህ ሁሉ ሲባል ወዳጆቹን በገንዘብ ፍቅር ብቻ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ደመወዝ ሳይከፈላቸው በየጋራዡና በየመኪና መቃብሩ እየዞሩ ቍጥርና የዕቃ ቀን በመሰብሰብ፣ ፋብሪካው ያላስቀመጠውን መዝገብ መልሰው ሠርተዋል። የ1969 ካማሮ አካል ላይ በተለጠፈው ትንሽ የብረት ሰሌዳ አንዳንድ ጊዜ «ኤክስ 33» ወይም «ኤክስ 77» የሚል ምልክት ይገኛል፤ ሁለቱም ዜድ 28ን ያመለክታሉ። ምልክቱ የሚገኘው ግን በኦሃዮ ግዛት ኖርዉድ በተባለው ፋብሪካ፣ ያውም ከ1968 መጨረሻ ገደማ ወዲህ በተሠሩት ላይ ነው፤ በካሊፎርንያ ቫን ናይስ የተሠሩት አልተጻፈባቸውም። ስለዚህ ምልክቱ ከካሊፎርንያው መኪና ላይ መታጣቱ በባለቤቱ ላይ ምንም አይመሰክርም። ይህ ዕውቀት የተገኘው ከተረፉት መኪናዎች ንጽጽር ነው፤ በማንኛውም የታሪክ ትምህርት ክፍል ቢቀርብ የማያሳፍር ሥራ ነው።

ድካማቸው ወጥመድም አለበት። አስመሳዩን ለመያዝ የታተመው መጽሐፍ ለአስመሳዩ መማሪያ ይሆናል፤ የብረት ሰሌዳው፣ ወረቀቱ፣ የመስኮቱ የዋጋ ጽሑፍ ሳይቀር ዛሬ እንደ አዲስ ተሠርቶ ይሸጣል። በዚህ ምክንያት ዐዋቂዎቹ አንዳንድ ምልክቶችን ለራሳቸው ደብቀው ይይዛሉ። ማስረጃውን ሊያሳይ የማይችል ዕውቀት ግን አንባቢውን በነገሩ ሳይሆን በሰውየው እንዲያምን ያስገድዳል፤ ያም ሰው ብዙ ጊዜ ለሚፈርመው የምስክር ወረቀት ዋጋ የሚቀበል ነው። ከዚህም የከፋው፣ አንድ ሐሰተኛ መኪና ከንጽጽሩ ዝርዝር ከገባ በኋላ ተከታዩን ሐሰተኛ እውነተኛ የሚያደርግ ምስክር መሆኑ ነው።

በእድሳቱ ጥበብ ላይ ነገሩ የበለጠ ይገለጣል። በሚቺጋን ግዛት በሃምትራምክ የነበረው የዶጅ ፋብሪካ (በ1980 ተዘግቷል) ወይም የኖርዉዱ (በ1987 ተዘግቷል) ሠራተኛ ብሎኑ መጥበቁን ለማመልከት የቀለም ነጥብ ያሳርፍ፣ በጠመኔም ይጭር ነበር። ቀደም ሲል አዳሾች ይህን ሁሉ እንደ እድፍ ጠርገው መኪናውን ከፋብሪካ ከወጣበት ቀን ይበልጥ ያሳምሩት ነበር። አሁን ዳኞች ምልክቶቹን ስለሚፈልጉ አዳሹ መልሶ ይጽፋቸዋል፤ የመስመሩ ፍጥነት ያስቸኰለው ሠራተኛ ያንጠባጠበው ቀለም ዛሬ በታላቅ ጥንቃቄ ይንጠባጠባል። የሠራተኛው እጅ እንዲህ ሲከበር፣ የሠራተኛው ስም ግን ከየትኛውም ሰሌዳ ላይ አይገኝም።

ኢጎር ኮፒቶፍ በ1986 ባወጣው ጽሑፍ ዕቃ እንደ ሰው የሕይወት ታሪክ እንዳለው ሲያስረዳ፣ በአፍሪካ ያለ የአንድ መኪና ታሪክ ስንት ነገር ሊያስተምር እንደሚችል በምሳሌነት አንሥቷል። እንዴት እንደ ተገዛ፣ ማን እንደ ተዋሰው፣ የት እንደ ተጠገነ ሁሉ የመኪናው ሕይወት ነው። የአሜሪካ ወዳጆች ግን ከዚህ ሕይወት የሚቀበሉት አንዲት ቀን ብቻ ናት፤ እርሷም የልደቱ ቀን ናት። መኪናውን አዲስ የገዛው ወጣት በሳምንቱ ጎማውንና የጭስ ማውጫውን መለወጡ ይህን መኪና «ባለ ጡንቻ» ያሰኘው ልማድ ዋና ክፍል ነበር፤ እድሳቱ ያን ወጣት ያስወጣዋል። ለመዝጋቢነት ያልታሰበ ፋብሪካ የልደት መዝጋቢ የሆነው፣ ከልደት በኋላ ያለው ሁሉ እንደ ጉድለት ስለሚቈጠር ነው።

ሕግም ከልደቱ ቍጥር ሌላ የሚያውቀው የለም። በካንሳስ ግዛት አንድ ሰው በ2016 የገዛው የ1959 ኮርቬት ሊመዘገብ ሲቀርብ፣ በእድሳት ጊዜ የቍጥሩ ሰሌዳ ተነቅሎ መልሶ በሌላ ምስማር መመታቱ ስለ ታወቀ በፖሊስ ተያዘ። ሰሌዳውን የነቀለው ገዥው አልነበረም፤ ሆኖም በጊዜው የነበረው የግዛቱ ሕግ እንዲህ ያለ መኪና እንዲደመሰስ ያዝ ነበር። ሕጉ የተሻሻለው ከዓመታት ክርክር በኋላ በ2022 ነው። ሁለት ምስማሮች ስድሳ ዓመት ገደማ ከኖረ መኪና በልጠው ታዩ።

የሁለቱ የፎርድ ሙስታንግ መኪናዎች ታሪክ ይህን አሳብ ከሁለት በኩል ይፈትነዋል። በ1968 «ቡሊት» ለተባለው ፊልም የተሠራባቸው ሁለት መኪናዎች ተከታታይ ቍጥር ያላቸው ናቸው። አንደኛው ለብዙ ዓመት በአንድ ቤተሰብ እጅ ተሸሽጎ ከኖረ በኋላ፣ ሳይታደስ፣ ቀለሙ እንደ ደበዘዘ፣ በጥር 2020 በፍሎሪዳ 3.4 ሚሊዮን ዶላር ተጫረተ፤ ከነኮሚሽኑ 3.74 ሚሊዮን ወጣበት። ዋጋውን የሰጠው ፋብሪካው አይደለም፤ በፋብሪካው ወረቀት መኪናው ከሌሎች ሙስታንጎች የሚለይበት ነገር አልነበረም። ለፊልሙ የተቀጠቀጠው ብረትና የኖረበት ዘመን ነው ያስከበረው፤ ይኸውም በሌላ መኪና ላይ ቢሆን አዳሹ ጠርጎ የሚያጠፋው ነው።

ሁለተኛው በሜክሲኮ፣ በባሃ ካሊፎርንያ፣ ማንነቱ ሳይታወቅ ተጥሎ ነበር። የገዙት ሰዎች የፈለጉት በ2000 በወጣ ሌላ ፊልም የታወቀችውን «ኤሌኖር» የተባለች ሙስታንግ አስመስለው ሊሠሩበት ነው፤ ሥራውም ተጀምሮ ነበር። የሻንሲ ቍጥሩ በፎርድ መዝገብ ሲታይና መኪናው በ2017 በባለሙያ ሲመረመር የቡሊቱ መኪና ሆኖ ተገኘ፤ ወደ ቅጂ መለወጡም በዚያው ቆመ።