የፎካሪው ሳክስፎንና የአምስተርዳም ተቀባዮቹ

ዜማን ለመመዘን የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የዜማውን ምንጭ መመርመር ይገባዋል፤ ምንጩን ሳያዩ ስለ ውሃው መፍረድ ለስሕተት ይዳርጋልና። ስለ ሳክስፎን ነፊው ስለ አቶ ጌታቸው መኩሪያ በውጭ አገር ሰዎች የተነገረው ምስጋና ብዙ ነው፤ ነገር ግን ከምስጋናው መካከል እንዲህ ያለ ስሕተት ያለበት ይገኛል።

አቶ ጌታቸው በ1972 ያወጡት ሸክላ ኤትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ ኅትመት 14ኛ ክፍል ውስጥ ገብቶ በ2003 በፈረንሳይ እንደ ገና በወጣ ጊዜ (ዓመታቱ ኹሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)፥ የሙዚቃ ዐዋቂዎች አነፋፋቸውን ከአሜሪካውያኑ ከኦርኔት ኮልማንና ከአልበርት አይለር ጋራ አነጻጸሩት። እነዚህ ኹለቱ ጃዝን ከተለመደው ስልት አውጥተው ነጻ ጃዝ ወደሚባለው ያደረሱ ሰዎች ናቸው። ንጽጽሩ ለጆሮ እውነት ይመስላል፤ የአቶ ጌታቸውም ድምፅ ይሰነጠቃል፥ ይጮኻል፥ ከልኩ ያለፈ መስሎ ተመልሶ ይወርዳል። ይሁን እንጂ እርሳቸው ሽለላን በሳክስፎን መንፋት የዠመሩት በ1950ዎቹ መዠመሪያ እንደ ኾነ ይነገራል፤ የኮልማን የመዠመሪያ ሸክላ ግን የወጣው በ1958 ነው። ስለዚህ የኮልማን ደቀ መዝሙር አድርጎ መቍጠር አይቻልም።

የአቶ ጌታቸው ምንጭ ሌላ ነው። በ1935 በይፋት ተወልደው፥ በልጅነታቸው ክራርና መሰንቆ ተጫውተው፥ በኋላም በዐዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት፥ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ አገልግለዋል። በሳክስፎናቸው ያስገቡትም የፎካሪውን አንደበት ነው። ፎካሪ ዘራፍ ብሎ ሲነሣ ቃሉን ከወረቀት አያነብም፤ እንዳሻውም አይናገርም። የእስትንፋሱ ልክ፥ የግጥሙ ቤት መምታትና የሰሚው አቀባበል ይገዙታል። ሊቁም ቅኔ ሲዘርፍ የትናንቱን አይደግምም፥ ቤቱን ግን አያፈርስም። ፎካሪው ዘራፍ ማለቱ፥ ባለ ቅኔውም ዘረፈ መባሉ ሊስተዋል የሚገባው ነው፤ በኹለቱም ዘንድ ነጻነት ማለት ልኩን በልብ ይዞ በዐዲስ ቃል መሙላት ነውና።

ይህ ፉከራ በ2004 አምስተርዳም ደረሰ። በ1979 የተመሠረተው ዘ ኤክስ የተባለ የሆላንድ የሙዚቃ ጓድ በ2002 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ተጫውቶ ነበርና፥ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር አቶ ጌታቸውን ጋበዘ። ኢንስታንት ኮምፖዘርስ ፑል የተባለውም ኦርኬስትራ በበዓሉ ነበረ፤ ይህም በ1967 የተቋቋመ፥ ያልተጻፈ ዜማ በዚያው ሰዓት የሚያፈልቁ ሰዎች ማኅበር ነው። አቶ ጌታቸው ከኦርኬስትራው ጋራ ተጫወቱ፤ ዘ ኤክስን ከሰሙ በኋላ ግን ቀጣዩን ሸክላቸውን ከዚህ ጓድ ጋራ ለመሥራት ራሳቸው ጠየቁ። ሞአ አንበሳ የተባለው ሥራም በ2006 ወጣ። እንግዲህ ሽማግሌው ለሌሎች ጌጥ ሊኾኑ የተወሰዱ አይደሉም፤ አጃቢዎቻቸውን የመረጡ እርሳቸው ናቸው።

ስለ ምን እነዚህን እንደ መረጡ ከሥራው መረዳት ይቻላል። ፉከራ ተቀባይ ከሌለው ባዶ ጩኸት ነው። የዘ ኤክስ ጊታሮች ዜማውን ለማለስለስ አይሞክሩም፤ አንዲት አጭር ሐረግ ይዘው ከከበሮው ጋራ ደጋግመው ይመታሉ፥ ፎካሪውም በዚያ ላይ ይቆማል። የፈረንሳዩ ዣቪዬ ሻርል በክላርኔት፥ የሆላንዱ ዮስት ባውስ በትሮምቦን ይቀበሉታል።

ዘ ኤክስ ጦርነትን የሚቃወሙ ሰዎች ጓድ ነውና የጦር ፉከራን መቀበሉ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ይህ ጓድ በ1986 ስለ 1936ቱ የእስፓኝ አብዮት የሚናገር ሥራ አውጥቶ ነበር። የሙሶሊኒ ጦር አቶ ጌታቸው በተወለዱበት ዓመት ኢትዮጵያን ወረረ፤ በ1936 ግንቦት ዐዲስ አበባ ገባ፤ በዚያው ዓመት ሙሶሊኒ በእስፓኝም ላይ ጦሩን ላከ። ስለዚህ የሚፎከርበት ጠላት ለኹለቱም ወገን የታወቀ ነበረ።

ቢኾንም የስሜት መቀራረብ ዕውቀትን አይተካም። ፎካሪ የሠራውን ሲናገር ሰሚው ምስክር ነው፤ የአምስተርዳም ሰሚ ግን ኀይሉን እንጂ ከዜማው በስተኋላ ያለውን ቃል አይሰማም። የአንበሳ ጎፈር አድርገው መድረክ ላይ ሲቆሙ ዐይኑ ከጎፈሩ ላይ የሚቀር ተመልካችም አይጠፋም። በሸክላውም አንዳንድ ቦታ ጊታሮቹ ፎካሪው ትንፋሽ የሚወስድበትን ዝምታ ይሞሉታል፤ ዝምታው ግን የፉከራው አንድ ክፍል ነበር። በትዝታ ዜማ ጊዜ እጃቸውን ሰብሰብ ስለሚያደርጉ የሥራው ምርጥ ክፍል ይህ ነው፤ የሽማግሌው እስትንፋስ ሳይቀር ይሰማልና።

አቶ ጌታቸው ከዚህ ጓድ ጋራ በ2008 በኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር ተጫውተው፥ በ2012 የአንበሳው ትዝታ የተባለውን ኹለተኛ ሥራ አውጥተው፥ በ2016 ዐረፉ። ከእርሳቸው በኋላ ሳክስፎን የሚያነሣ ወጣት ጩኸታቸውን ቢቀዳ ሥራቸውን አልወረሰም፤ አስቀድሞ ሽለላውን በቃል ይማር፥ ከዚያ በኋላ በመሣሪያው ይናገር። የሆላንድ ሰዎች ቋንቋውን ሳያውቁ መቀበልን ከተማሩ፥ ቃሉን የሚያውቀው ያገሩ ሰሚ ምስክርነቱን ሊተው አይገባውም።