ስለ ስሕተት ዓይነትና ስለ ሒሳብ መመለስ፦ የስፕሪንግ የሮልባክ ደንብ ሲመረመር

ቴዎ ሄርደርና አንድሪያስ ሮይተር የተባሉት ጀርመናውያን ሊቃውንት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1983 ባሳተሙት ጽሑፍ የዳታቤዝ ትራንዛክሽን ሊኖሩት ከሚገባው ጠባዮች አንደኛው አለመከፈል መሆኑን አመልክተዋል። ይኸውም የተጀመረው ሥራ ወይ ሁሉ ይፈጸማል፣ አለዚያም እንዳልተጀመረ ሆኖ ይመለሳል ማለት ነው። በጃቫ የሚጽፍ ተማሪ ይህን ጠባይ ከስፕሪንግ ማዕቀፍ በቀላሉ ያገኛል፤ ከሜተዱ በላይ «ትራንዛክሽናል» የሚለውን ምልክት ማኖር ይበቃዋልና። ይበቃዋል ብሎም ያምናል። እኛ የምንነቅፈው ይህን እምነት የሚያሳስተውን ደንብ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ከአበበ ሒሳብ 500 ብር ወደ ከበደ ሒሳብ ይዛወራል። ፕሮግራሙ አስቀድሞ ከአበበ ይቀንሳል፤ ቀጥሎ የከበደን ሒሳብ ሲፈልግ ተዘግቶ ያገኘዋል። ጸሐፊው ጠንቃቃ ስለ ነበረ «ሒሳቡ ተዘግቷል» የሚል፣ ከኤክሴፕሽን የተወለደ የራሱን የስሕተት ዓይነት አበጅቷል፤ ያንንም ይወረውራል። ለአበበ «ዝውውሩ አልተፈጸመም» የሚል ቃል ይደርሰዋል። 500 ብሩ ግን ከሒሳቡ ወጥቶ ቀርቷል፤ ስፕሪንግ ግማሹን ሥራ አጽንቶታልና።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጃቫ ስሕተቶችን በሁለት ይከፍላል። ኮምፓይለሩ «ያዝ ወይም አስታውቅ» ብሎ የሚያስገድድባቸው ቼክድ ይባላሉ፤ ከራንታይም ኤክሴፕሽንና ከኤረር የሚወለዱት ይህ ግዴታ የለባቸውም። ስፕሪንግ ሌላ ካልታዘዘ በቀር ሮልባክ የሚያደርገው በኋለኞቹ ብቻ ነው። እንግዲህ ጸሐፊው ሰንፎ ተራ ራንታይም ኤክሴፕሽን ቢወረውር ኖሮ ብሩ ይመለስ ነበር። ትጉው ተቀጣ፣ ሰነፉ ዳነ!

ደንቡን የሚደግፉ ሰዎች ክርክር የተናቀ አይደለም። ቼክድ ስሕተት አስቀድሞ የታሰበ ውጤት ስለሆነ ጠሪው ክፍል አይቶ ሌላ መንገድ ሊመርጥ ይችላል፣ ደንቡም ከኢንተርፕራይዝ ጃቫ ቢንስ የተወረሰ ልማድ ነው ይላሉ። ነገር ግን ኮምፓይለሩ ስሕተቱን አስታውቅ ማለቱና ሒሳቡ መሟላቱ ምን ያገናኛቸዋል? ያለ አግባብ የተመለሰ ሥራ እንደገና ይሞከራል፤ ያለ አግባብ የጸናው ግን ማንም ሳያውቀው በመዝገብ ይኖራል። ደግሞም የስፕሪንግ ደራሲዎች ራሳቸው ቼክድ ስሕተትን ብዙ አልወደዱትም፤ የዳታቤዝን ስሕተት የሚያስታውቀውን ኤስኪውኤል ኤክሴፕሽን በራሳቸው መሣሪያዎች ውስጥ ቼክድ ወዳልሆነ ዓይነት ይለውጡታል። በአንዱ ክፍል የሸሹትን በሌላው ማክበራቸው አልገባንም። መሣሪያዎቻቸውን ትቶ በጄዲቢሲ ብቻ የሚሠራ ሰው የዳታቤዙን ስሕተት እንዳለ ቢወረውረው፣ በደንቡ መሠረት ሮልባክ አያገኝም።

መድኃኒቱ አጭር ነው፤ በምልክቱ ላይ «ሮልባክ ፎር» ብሎ ኤክሴፕሽንን መጥቀስ። በ2024 በወጣው በ6.2 እትም ደግሞ ይህን ለመላው ፕሮግራም አንድ ጊዜ መደንገግ ተችሏል፤ ነባሩ ደንብ ግን ላልጠየቀው ሁሉ እንደ ነበረ ቀርቷል። ስሕተቱን ራሱ ይዞ ዝም ለሚያሰኘው ጸሐፊ ግን ይህም አይረዳውም፤ ማዕቀፉ ያላየውን ሊመልስ አይችልምና።

መምህራኖቻችን የመመረቂያ ሥራ ሲፈትኑ፣ ከመጀመሪያው ቅነሳ በኋላ ሆን ተብሎ ቼክድ ስሕተት እንዲወረወር ቢያዝዙና ከዚያ መስኮቱን ትተው ሰንጠረዡን ቢያነቡ ደስ ይለናል።