የመኪና ማቆሚያና የተማሪው ፍላጎት
(የመጽሐፍ ሒስ)

ስለ መኪና ማቆሚያ የተጻፈ መጽሐፍ በትምህርት ጥናት መጽሔት ላይ መተቸቱ ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ሊመስለው ይችላል፡፡ ዳሩ ግን እ.ኤ.አ. በ2025 ያረፉት፣ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የከተማ ፕላን መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ዶናልድ ሹፕ እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት፣ በአማርኛ «የነጻ መኪና ማቆሚያ ውድ ዋጋ» ሊባል የሚችለው ከ700 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ፣ ላይ ላዩን ስለ ከተማ መሬት ይናገር እንጂ የሚያነሣው ጥያቄ የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያም ጥያቄ ነው፡፡ ይኸውም አንድ ሰው «ያስፈልገኛል» ሲል ምን ማለቱ ነው የሚለው ነው፡፡

የመጽሐፉ ጠንካራ ክፍል ስለ ቁጥሮች አመጣጥ የሚተርከው ነው፡፡ የአሜሪካ ከተሞች አንድ ሕንፃ ስንት የመኪና ማቆሚያ እንዲኖረው የሚደነግጉት በሠንጠረዥ ነው፡፡ ሹፕ የሠንጠረዦቹን ምንጭ ሲመረምሩ ያገኙት፣ ብዙዎቹ ቁጥሮች የተለኩት ማቆሚያው በነጻ በሚሰጥበትና አውቶቡስ እንደ ልብ በማይገኝበት ስፍራ፣ ያውም ቦታው እጅግ በሚጨናነቅበት ሰዓት መሆኑን ነው፡፡ አንዱ ከተማ የሌላውን ይገለብጣል፤ የተገለበጠውም «ፍላጎት» ተብሎ ሕግ ይሆናል፡፡ ነገሩን በነጻ አቅርቦ የተወሰደውን መቁጠር ግን ፍላጎትን መለካት አይደለም፡፡

ይህ ትችት በኮሌጅ መጠይቆች ላይም በቀጥታ ይሠራል፡፡ «ተጨማሪ የመኪና ማቆሚያ እንዲሠራ ትፈልጋለህ?» ተብሎ ዋጋውም ምትኩም ሳይነገረው የተጠየቀ ተማሪ «አዎን» ከማለት በቀር ምን ሊል ይችላል? በአሜሪካ የሁለት ዓመት ኮሌጆች በአመዛኙ የተማሪ ማደሪያ የላቸውም፤ ከተማሪዎቻቸውም ብዙዎቹ እየሠሩ የሚማሩ ናቸው፡፡ ከሥራ ወጥታ ወደ ማታው ትምህርት የምትጣደፈው ሴት «አዎን» ስትል የምትፈልገው ክፍለ ጊዜው ሳይጀመር መድረስን ነው፡፡ ሌላዋ የምትፈልገው በጨለማ ረጅም መንገድ አለመሄድን ነው፤ ሦስተኛው ልጁን ከመዋያ ለማውጣት መፍጠንን ነው፡፡ ከእነዚህ ችግሮች አንዱ በትምህርት ሰዓት ለውጥ፣ ሌላው በመንገድ መብራት ሊቃለል ይችል ይሆናል፡፡ መጠይቁ ግን ሦስቱንም በአንድ ምልክት ጠቅልሎ አስፋልት እንዲነጠፍ ያዝዛል፡፡

ለዚህ የተሻለው ማስረጃ ሹፕ ከባልደረቦቻቸው ጋር በራሳቸው ዩኒቨርሲቲ ያካሄዱት ጥናት ነው፡፡ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎችና ሠራተኞች መታወቂያቸውን እያሳዩ በሳንታ ሞኒካ ከተማ አውቶቡሶች ያለ ክፍያ እንዲሳፈሩ ተደረገ፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ዩኒቨርሲቲው ነበር፡፡ በመጀመሪያው ዓመት ወደ ግቢው በአውቶቡስ የሚመላለሰው ሰው በ56 በመቶ ጨመረ፤ ብቻውን መኪና እየነዳ የሚመጣው ደግሞ በ20 በመቶ ቀነሰ፡፡ ይህ የሆነው በመኪና ወዳድነቷ በታወቀችው በሎስ አንጀለስ ነው፡፡ ከዚያ በፊት የመኪና ማቆሚያ ፈላጊ ተብሎ ይቈጠር የነበረው ሰው፣ ቢያንስ በከፊል፣ መምጫ ፈላጊ ነበር ማለት ነው፡፡

የማልስማማው ጸሐፊው በዋጋ ላይ ባላቸው እምነት ነው፡፡ ዋጋው በየስፍራውና በየሰዓቱ ተስተካክሎ ሁልጊዜ ጥቂት ቦታ ክፍት እንዲሆን ቢደረግ ጥያቄው መልስ ያገኛል ይላሉ፡፡ ነጻ የተባለውን ማቆሚያ መኪና የሌለው ድሃም በሌላ ዕቃ ዋጋ ውስጥ ይከፍልበታል ማለታቸው እውነት ነው፤ በዚህ ረገድ የሚረታቸው ያለ አይመስለኝም፡፡ ሆኖም ዋጋ የሚለካው ፍላጎትን ብቻ ሳይሆን አቅምንም ነው፡፡ አውቶቡስ በማይደርስበት ሰፈር የሚኖር ሠራተኛ ተማሪ ዋጋው ሲወደድ ቢቀር፣ መቅረቱ «አልፈለገም» ተብሎ መመዝገቡ ነው፡፡ ለገበያ ይህ በቂ መረጃ ሊሆን ይችላል፤ ለኮሌጅ ግን ተማሪ ማጣት ነው፡፡

የማዕርግ ነገርም አለ፡፡ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩት ክላርክ ኬር የመኪና ማቆሚያን የመምህራን ዋነኛ ጭንቀት አድርገው መቀለዳቸው ይታወሳል፤ በበርክሌይ ያለው ግቢም ለኖቤል ተሸላሚ መምህራኑ የተለየ ማቆሚያ መስጠቱ የታወቀ ነው፡፡ (በእኛም ግቢ ጥላ ያለው ቦታ የማን እንደሆነ ዘበኛው ያውቃል፡፡)

በአገራችን አብዛኛው ሠልጣኝ በእግሩ ወይም በታክሲ የሚመጣ፣ አለዚያም በግቢ የሚያድር በመሆኑ ማቆሚያው የእርሱ ጥያቄ አይደለም፡፡ የመጠይቁ ሕመም ግን ያው ነው፡፡ «የማስተማር ልምምድ ጊዜ ይጨመር?» ብለን ስንጠይቅ ሠልጣኙ «ይጨመር» ይላል፤ እኛም ሳምንታት እንጨምራለን፡፡ ምናልባት የፈለገው ክፍል ገብቶ የሚያየውና የሚያርመው አንድ መምህር ነበር፡፡

ስለ ዋጋ የሚናገሩት ምዕራፎች ለአሜሪካ ከተሞች የተሰፉ ስለሆኑ የእኛ አንባቢ ቢያልፋቸው ብዙ አይጐዳም፡፡ ስለ ሠንጠረዦቹ የሚናገሩት ግን ተተርጉመው ለትምህርት ጥናት ዘዴ ኮርስ ማንበቢያ ሊሆኑ የሚገባቸው ናቸው፡፡