ለማን ነው የሚናገረው?

በተማሪ መድረክ ላይ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ሲነበነብ ያልሰማ ተማሪ ይኖራል ብለን አናምንም። ክበብ በተቋቋመ ቁጥር፣ በዓል በመጣ ቁጥር አንዱ ጥቁር ካባ ደርቦ፣ መስቀል ጨብጦ ብቅ ይላል። ቀጥሎ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከመጀመሪያው ስንኝ አንሥቶ ድምፁ ጣራ ይነካል፤ የአንገቱ ሥር ይገተራል፤ እጁ ወደ ላይ ይወረወራል፤ አዳራሹም በጭብጨባ ይናጋል። «እንዴት ነበር?» ሲባል «ኧረ ጉድ ነው!» ይባላል። እኛ በበኩላችን አንድ ጥያቄ አለን፤ ለመሆኑ ያ ሰው ይናገር የነበረው ለማን ነው?

ጸጋዬ ገብረ መድኅን የጻፈው፣ ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በፋሺስት ጥይት ከመገደላቸው በፊት ስላለችው ሰዓት ነው። በ«እሳት ወይ አበባ» ውስጥ በግጥምነት የታተመውን ያ ዝነኛ መነባንብ ረጋ ብሎ ያነበበ ሰው፣ ቃሉ ለአዳራሹ እንዳልተጻፈ ወዲያው ይገባዋል። እሳቸው የሚናገሩት ለእመ ብርሃን ነው። ይማጸኗታል፤ ይወቅሷታል። ሞት ደጃፉ ላይ የቆመ ሰው እናቱን ሲወቅስ እንዴት ነው የሚናገረው? በጩኸት ነው? ምናልባት አንድ ጊዜ፣ ሲብስበት። ከዚያ በፊት ግን ድምፁ ይሰበራል፣ ዝም ይላል፣ መልስ እንደሚጠብቅ ያደምጣል። መልስ አለመምጣቱ ነው ቀጣዩን ስንኝ የሚያናግረው። ተጫዋቻችን ይህን ዝምታ ከዘለለው፣ ቀሪው የጉሮሮ ሥራ ብቻ ነው።

«የጸጋዬ ቋንቋ ራሱ ያስጮኻል» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ግማሹ እውነት ነው። ስንኙ ከባድ ነው፤ ቃሉ ከቃል ጋር ይጋጫል፤ ለመሸከም የሠለጠነ ትንፋሽ ይጠይቃል። ነገር ግን ክብደት ሌላ፣ ጩኸት ሌላ። ከባድ ዕቃ የሚሸከም ሰው እርምጃውን ይቆጥራል እንጂ አይሮጥም።

ሌሎች ደግሞ ነገሩን በፉከራ ያሳብባሉ፤ «ወጋችን ነው» ይላሉ። እንዴ! ፎካሪ እኮ በግብር አዳራሽ ከጌታው ፊት ሲነሣ ዓይኑ ከጌታው ፊት አይነቀልም፤ ሙያውን የሚቆጥረው ለሚያውቅለትና ለሚሸልመው ሰው ነው። በላ ልበልሃውንም እናስበው። ተሟጋቹ ቢዘል፣ ዱላውን ቢሰብቅ፣ ድምፁን ከፍ ዝቅ ቢያደርግ፣ ሁሉም በባላጋራውና በዳኛው ላይ የሚሠራ ነገር ነው። የባላጋራውን ቃል በደንብ ካልሰማ ይረታላ! አያቶቻችን ለማን እንደሚናገሩ አሳምረው ያውቁ ነበር።

የኛው ችግር ከሽምደዳ የመጣ ይመስለናል። ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ግጥም ስንል የቆምነው ዓይናችንን ጣራው ላይ ተክለን፣ አንዲት ቃል እንዳትጠፋብን እየፈራን ነው። ያ ልጅ አድጎ መድረክ ላይ ሲወጣ ጣራውን ይዞ ይወጣል። የልምምዱ ጊዜ ቃሉን በማጥናት ያልቅና ለትወናው ሁለት ቀን ይተርፋል። ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ተመልከቱ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው አይሰማም፤ የራሱን ተራ ነው የሚጠብቀው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ከሦስተኛው ረድፍ ይታያል።

እ.ኤ.አ. በ1898 ከኔሚሮቪች ዳንቼንኮ ጋር የሞስኮን የሥነ ጥበብ ቴአትር ያቋቋመው ስታኒስላቭስኪ፣ ተዋናዩ ገጸ ባሕርዩ እዚህ ቦታ ላይ ምን ይፈልጋል ብሎ እንዲጠይቅ ያስተምር ነበር። ከሱ የወሰድነው ግን «ስሜት» የሚለውን ብቻ ይመስላል። ልጁ ጥግ ቆሞ እንባ ለማምጣት ይታገላል፤ አብራው የምትጫወተው ልጅ ምን እንዳለችው ብትጠይቁት አያውቅም።

እንግዲህ ሐሳባችን ይህ ነው፤ ጀማሪ በመንግሥቱ ለማ ይጀምር። «ጠልፎ በኪሴ»ን ለምሳሌ። ቀልድ ቀላል ነው ብላችሁ እንዳትስቁብን! ስለ ጠለፋ የተጻፈ ኮሜዲ ነው፤ ንግግሩ የቤትና የመንገድ ንግግር ነው፤ ጉሮሮ የሚያድነው ሰው የለም። ጓደኛውን ያልሰማ ተዋናይ ሳቁን ይገድለዋል፤ ሳቁ ሳይበርድ ከተቻኮለ ደግሞ የሚቀጥለው ቃል ሳይሰማ ይቀራል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ሰውየው እንደሚያስቅ አለማወቁ ነው። በኮስታራ ፊት አንድ ከንቱ ነገር አጥብቆ መፈለግ! ይህን የቻለ ተማሪ ነገ ጴጥሮስን ቢጫወት አናፍርበትም።

ሌላም መምህር አለን፤ የትም መሄድ ሳያስፈልግ። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ የተረከውን ማለታችን ነው። ካባ የለ፣ መብራት የለ፣ የሚወረወር እጅ የለ። አንድ ጉሮሮ ብቻ፤ ግን ፊታውራሪ መሸሻን ከጉዱ ካሣ፣ ጉዱ ካሣን ከሰብለ ወንጌል የሚያምታታ አድማጭ የለም። ተቀርጾ ስለተቀመጠ ዛሬም ይሰማል። አንድ ምዕራፍ እንምረጥና፣ መጽሐፉን ዘርግተን እየሰማን፣ ወጋየሁ የት ላይ እንደሚያርፍ በእርሳስ እናስምር። በሚቀጥለው ልምምድ ደብተራችንን ይዘን እንገናኝ።