ባዶዋ መስመር

የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው ጊት፣ የኮሚት (የአንድ የተመዘገበ ለውጥ) መልእክት ልማዱ የታወቀ ነው፤ ከ50 ፊደል የማይበልጥ ርእስ፣ አንድ ባዶ መስመር፣ ከዚያ በየ72 ፊደሉ የሚታጠፍ ማብራሪያ። እኔን የምትማርከኝ ባዶዋ መስመር ናት። ጊት ርእሱ የት እንዳበቃ የሚለየው በእሷ ነው፤ ከተዘለለች ማብራሪያው ከርእሱ ጋር ይደባለቃል። ሊኑስ ቶርቫልድስ ጊትን በ1997 ዓ.ም. ሲሠራ የሊኑክስ ከርነል ለውጦች በኢሜይል ይላኩ ነበር፤ ዛሬም ኮሚት በኢሜይል ሲላክ ርእሱ የኢሜይሉ ርእስ፣ የተቀረው ደብዳቤው ይሆናል። በ50 ፊደል ላይ አልከራከርም፤ 55 ቢሆን ማንም አይሞትም። ማብራሪያው ግን «ለምን» የሚለውን ይመልስ፤ ምን እንደተቀየረ ኮዱ ራሱ ያሳያል። «ትንሽ ማስተካከያ» ብላችሁ የምታልፉ ወዳጆቼ፣ እባካችሁ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨምሩ።