ጎህ ሲቀድ የሚነሳ ጠርዝ

አትላንታ አጠገብ ባለችው ክላርክስተን ውስጥ የአንድ ወገናችን የመኪና መግቢያ ላይ ጎህ ሳይቀድ ተንበርክኬ የአርማታውን ጠርዝ በመዶሻ መታ መታ አደረግሁት። እንደ ባዶ እንስራ ጮኸ። ከቀትር በኋላ ያንኑ ቦታ ስመታው ድምፁ ድፍን ሆነ። ከሥሩ ያለው ቀይ አፈር ባለበት ነው፤ የተንቀሳቀሰው አርማታው ነው። ሌሊት ላዩ ቀዝቅዞ ሲኮማተር፣ ሆዱ ከመሬቱ ሙቀት ጋር ስለሚያድር ጠርዙ ወደ ላይ ይነሳል። ቀን ፀሐይ ላዩን ስትለበልበው ጠርዙ ይተኛል፣ መሃሉ ያብጣል።

አትላንታ እንደመጣሁ ይህን አላውቅም ነበር። አንድ የሐምሌ ቀን ማለዳ አርማታ ሞላን። ሲሚንቶው ሲጠነክር የሚያወጣው ሙቀት ከቀትሩ ፀሐይ ጋር ተደረበ። ወደ ማታ ነጎድጓድ ያለው ዶፍ ወረደ፤ ላዩ በደቂቃዎች ውስጥ ቀዘቀዘ። እኔ ስንጥቁን የሚመራውን ቦይ መቁረጡን ለነገ አሳድሬ ሄጄ ነበር። ጠዋት ስመለስ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ከዳር እስከ ዳር ሄዳለች። ፌሮ ብታበዛ ኖሮ ያሉኝ ነበሩ፤ አልስማማም። ፌሮ ስንጥቁ እንዳይሰፋ ይይዛል እንጂ አርማታውን መኮማተር አይከለክለውም።

አንድ ሜትር አርማታ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.01 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል ወይም ያጥራል። 10 ሜትር መግቢያ ከሐምሌ ቀትር እስከ ጥር ውርጭ የ40 ዲግሪ ልዩነት ቢያይ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከቤቱ ግድግዳ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ለስላሳ መሙያ የማስገባው ለዚህ ነው።

አዲስ አበባ ያሉ የሙያ ጓደኞቼ «እኛ ዘንድ እንደናንተ ብርድ የለም» ይሉኛል። ግን ታኅሣሥ ላይ ቀኑ 23፣ ሌሊቱ 8 ዲግሪ አካባቢ ነው። አትላንታ በሐምሌ 32 ውሎ 22 ያድራል። ዓመቱን ካየን አትላንታ ይከፋል፤ የአንድ ቀኑን ካየን ግን አዲስ አበባ። በጥቅምትና በኅዳር የግቢ ሊሾ የምትሞሉ ወንድሞቼ፣ ውሃ ማጠጣቱን ብቻ ሳይሆን ሌሊቱንም አስቡት።

አሁን 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው አርማታ ከ3 ሜትር ባነሰ ርቀት እያራራቅሁ፣ 2.5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ እቆርጣለሁ፤ መጋዙ ጠጠር መንቀሉን ባቆመ ሰዓት፣ በዚያው ቀን። ብዙ ጊዜ ይመሻል፤ በባትሪ ብርሃን እጨርሳለሁ። በማግስቱ ማልጄ አቧራውን እፍ ብዬ ወደ ቦዩ ውስጥ አያለሁ። ስንጥቋ አለች፤ ከቦዩ ሥር፣ ቀጥ ብላ።